አርባ ሰከንድ

ዛሬ ጓደኛዬን አንድ ልጅ «ፋዘር» አለው። ስድብ አይደለም። የታክሲ ረዳትም ይለናል፣ ለምደነዋል። ጓንት አጥልቆ ፊት ለፊትህ የቆመ ልጅ ሲልህ ግን ሌላ ነው።

ቦታው ቱሉ ዲምቱ፣ የኛው ኮንዶሚኒየም ኮሚናል ነው። ለልብስ ማጠቢያና ለበዓል እርድ ተብሎ የተሠራ ቤት። እዚህ ከተማው ዳር ሌላ አዳራሽ ስለሌለ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ቦክስ ይሠሩበታል። ጆንያ በጨርቅና በአሸዋ ሞልተው፣ በፋሲካ በሬ በሚሰቀልበት ብረት ላይ አንጠልጥለዋል። ሪንግ የለም። ወለሉ ላይ በኖራ አራት መስመር አስምረዋል። መስኮቱ ሲከፈት በአዳማ ፍጥነት መንገድ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ይዞ ይገባል። ሲዘጋ ደግሞ ቤቱ ላብ ላብ ይሸታል።

እኔና ጓደኛዬ ቦክስ የጀመርነው በአንድ ዓመት፣ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ያኔ ቀላል ሚዛን ነበር። አሁን 45 ዓመቱ ነው፣ 94 ኪሎ። ከባድ ሚዛን የገባው በስልጠና ሳይሆን በጥብስ ነው እያልኩ አሾፍበታለሁ። ልጁ 24 ዓመቱ ነው፣ 98 ኪሎ። ኮዬ ፈጬ ግንባታ ላይ ፌሮ ሲሸከም ነው የሚውለው። እሱ ጋ አንድም የጥብስ ኪሎ የለም።

በሚቀጥለው ወር የሰፈሩ ልጆች ውድድር አዘጋጅተዋል። መዝጊያው ላይ ጓደኛዬ ከዚህ ልጅ ጋር ሦስት ዙር እንዲገጥም ጠየቁት። ለማድመቂያ ነው ይላሉ። እሱ ግን እንደ ማድመቂያ አልያዘውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማኪያቶ ፊት ተቀምጦ የሚያወራው ስለ ቦክሰኛው ፎርማን ነው።

እውነቱን ለመናገር የፎርማን ታሪክ ሰው ያባልጋል። ጆርጅ ፎርማን በ1974 ኪንሻሳ ላይ በመሐመድ አሊ ሲዘረር 25 ዓመቱ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። አባቴ ግን ያን ፍልሚያ ሲያነሳ «ንጉሡ በወረዱ በሰባተኛው ሳምንት» ነበር የሚለው።) ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ 45 ዓመቱ ሆኖ የ26 ዓመቱን ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር ዘረረና የዓለም ሻምፒዮን ቀበቶውን መልሶ ወሰደ። ያደረገው ቁምጣ ኪንሻሳ ላይ የለበሰው ቀዩ ቁምጣ ነበር። ጓደኛዬ ወሬው ቁምጣው ጋ ሲደርስ ድምፁ ይቀየራል። እሱም የድሮ ቁምጣው አለ። አልገባ አለው እንጂ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ፎርማን እስከዚያች ቡጢ ድረስ በነጥብ እየተመራ ነበር። ሙረር በእግሩ እየዞረ ቢርቀው ኖሮ ያሸንፈው ነበር። ግን ፊቱ ቆመለት። ፎርማን ያደረገው መጠበቅ ነው። ቀስ ብሎ እየገፋ፣ ግራውን እየሰደደ፣ ሙረር የፎርማንን ቀኝ እጅ እስኪረሳ ድረስ መጠበቅ። የቡጢ ክብደት ከሰው የሚለየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው እግር ነው፣ ቀጥሎ ዓይን። ዓይን ስል ማየት ያቅትሃል ማለቴ አይደለም። ታያለህ። እንዲያውም ከድሮው አጥርተህ ታያለህ። ትከሻውን አይተህ ቡጢው ከየት እንደሚነሳ ታውቃለህ። አንገትህ ግን ዘግይቶ ይሰማል። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ በራሴ አገጭ ነው የተማርኩት።

ሰዉ ደግሞ «ሦስት ዙር ብቻ ነው፣ ለትልቅ ሰው አጭሩ ይሻላል» ይላል። ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ በጠቅላላው 9 ደቂቃ። ለትንፋሽ እሺ፣ በተለይ እዚህ ከፍታ ላይ። ግን የ24 ዓመት ልጅ 9 ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳይቆጥብ ይመታል። ትልቁ ሰው ያለው ትዕግስት ነው፣ እሱን የሚመነዝርበት ጊዜ ደግሞ አልተሰጠውም። ለፎርማንም ሦስት ዙር ብቻ ቢሰጡት ኖሮ ተሸንፎ ቤቱ ይገባ ነበር።

«ኡሲክስ?» ይለኛል። ልክ ነው፣ የዩክሬኑ ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ኡሲክ በ2025 ዌምብሌይ ላይ፣ 38 ዓመቱ ሆኖ፣ የ27 ዓመቱን ዳንኤል ዱቧን በአምስተኛው ዙር ዘርሮታል። ዱቧ በሰባት ኪሎ ያህል ይከብደው ነበር። ግን ኡሲክ ቦክስ ትቶ አያውቅም። «አንተ 14 ዓመት የምስማርና የቀለም ሱቅ ውስጥ ተቀምጠሃል» እለዋለሁ። «ፎርማንም አሥር ዓመት ሰባኪ ሆኖ ተቀምጧል» ይለኛል። እዚህ ላይ ረታኝ ማለት ነው። ግን ፎርማን በ1987 ከተመለሰ በኋላ ቀበቶው ጋ ለመድረስ ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል። በመሃልም፣ በ42 ዓመቱ፣ በጊዜው ሻምፒዮን በሆሊፊልድ በነጥብ ተሸንፏል። የኛው ሰው ያለው አንድ ወር ነው።

ታይሰንን አላነሳበትም። በ2024 ከዩቲዩበሩ ጄክ ፖል ጋር የገጠመውን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ካፌ ውስጥ አብረን ነው ያየነው። ታይሰን 58 ዓመቱ፣ ጄክ ፖል 27። ዙሮቹ ሁለት ሁለት ደቂቃ ተደርገው እንኳን ታይሰን በስምንት ዙር ያሳረፈው ቡጢ 18 ብቻ ነው። ካፌው ሲስቅ ጓደኛዬ ሒሳብ ከፍሎ ወጣ።

የአገራችን ሰው ስለ ዕድሜ ሲከራከር ምሩፅን ያነሳል። ማርሽ ቀያሪው በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺሕና 10 ሺሕ ሜትሩን ሲያሸንፍ፣ ዕድሜው ስንት ነው የሚለው የዓለም ወሬ ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት፣ አሊ በ38 ዓመቱ ሻምፒዮኑ ላሪ ሆልምስ ፊት ቆመ። ሩጫ ላይ ዕድሜ ከከዳህ ወደ ኋላ ትቀራለህ፣ በቃ። ቦክስ ላይ ወደ ኋላ መቅረት የሚባል ነገር የለም። እዚያው ቆመህ ትቀበላለህ። ሆልምስ የአሊ የድሮ የልምምድ አጋር ነበር። የሚወደውን ሰው ነው የመታው፣ በኋላም አለቀሰ። ከአሥረኛው ዙር በኋላ አበቃ ያለው የአሊ አሰልጣኝ አንጀሎ ደንዲ ነው። አሊ አይደለም።

ዛሬ እንግዲህ ለልምምድ ተገናኙ። ሰዓት ያዥ እኔ፣ ውሃ አቀባይም እኔ።

አንደኛው ዙር ጥሩ ነበር። የጓደኛዬ ጃብ፣ ያቺ ፈጣን የግራ ቀጥታ ቡጢ፣ ሁለት ሦስቴ አፍንጫ ላይ አረፈች። ልጆቹ ጮኹ። እኔም ጮኽኩ፣ አልደብቅም። ለአንድ ደቂቃ ያህል ያ ሁሉ ክርክሬ ጠፋኝ።

ሁለተኛው ላይ ልጁ ገባበት። ጎኑን መታው፣ ደገመው። የጓደኛዬ አፍ ተከፈተ። አፉን ሲከፍት አውቀዋለሁ፣ ከቀበሌው አዳራሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና «ፋዘር፣ ይብቃን?» አለው።

«ምታ!» አለው።

ሦስተኛው ላይ ልጁ እጁን ይዞ ነበር የሚመታው። ሁላችንም አየን። እየማረው ነው። ጓደኛዬ እንዳላወቀ ሆነ፣ ወይም አላወቀም። የቱ እንደሚብስ እንጃ። ከዚያ ግራ እጁ ወረደ። ሲደክመው ሁሌም ግራው ነው የምትወርደው። የልጁ ቀኝ ትከሻ ነቅነቅ ሲል አየሁ። ስልኬን አየሁ። አርባ ሰከንድ ይቀራል።

«ጊዜ!» አልኩ።

ጓንቱን ስፈታለት «ሞላ እንዴ?» አለኝ።

«ሞላ» አልኩት።

ስልኩ ገና ይቆጥር ነበር። ልጁ ስልኩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ምንም አላለም። መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጓደኛዬን ትከሻ ለትከሻ ሰላም አለውና ውሃውን ይዞ ወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጓደኛዬ ልብስ ሰፊው ጋ ጎራ አለ። ከቦርሳው ቁምጣውን አወጣ። «ሁለት ጣት ብቻ ሰፋ አድርግልኝ» ሲለው ሰማሁ። እኔ ውጭ ቆሜ ጠበቅኩት።