ጥፍርና ናስትሮ

ዛሬ ጊታር የሚጠግኑ ሽማግሌ ዘንድ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረችው ልጅ ከቦርሳዋ ጥቁር ናስትሮ አውጥታ አርቲፊሻል ጥፍሮቿን ከጣቶቿ ጋር መጠቅለል ጀመረች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ የመብራት ገመድ ልትቀጥዪ ነው ወይስ ልትጫወቺ?» አሏት። ሳትስቅ «አባባ፣ አኒ ዲፍራንኮም እንዲህ ነው የምትጫወተው» አለች።

እውነቷን ነው። ዲፍራንኮ፣ የአሜሪካዋ የቡፋሎ ከተማ ፎክ ሮክ ዘፋኝ፣ ጊታሩን የምትመታው ጥፍሯን በናስትሮ አስራ ነው፤ ክሩን በምን ኃይል እንደምትመታ የሰማ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። እኔን የሚገርመኝ ግን ግትርነቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ፣ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለች፣ «ራይቸስ ቤብ» የተባለ የራሷን የሙዚቃ አሳታሚ አቋቋመች። ካሴቶቿን በየከተማው እየዞረች በየዝግጅቷ ላይ ሸጠች። ስሟ ሲገን ትልልቆቹ ኩባንያዎች መጡ፤ እምቢ አለቻቸው። ቆይቶም በቡፋሎ ሊፈርስ የነበረ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ታድሶ የአሳታሚዋ ቢሮና የሙዚቃ አዳራሽ ሆነ።

ነጻነቷን የሚያወድሱ ብዙ ናቸው (እኔም አንዱ ነኝ)። የዘፈኖቿ መብት በእጇ ቀርቷል። የስቱዲዮው፣ የማባዣውና የጉዞው ወጪም እንዲሁ በእጇ ነበር፤ ይህንን ግን አድናቂዎቿ ስናወራ እንዘለዋለን።