ጅራፉ ማደጉን መቼ ያቆማል?

ዛሬ ከሰዓቱን ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። ስላይዱ ላይ ያለው ጃርዲያ ነው፤ ያ ሆድ የሚያውከው ባለ አንድ ህዋስ ጥገኛ ፍጡር። በሕይወት አለ። እንደሚረግፍ ቅጠል እየተገለባበጠ ይሄዳል። ሁለቱ ኒውክለሶቹ ዓይን ይመስላሉ። ልጅ ሆኜ አልጋ ላይ ጥሎኝ ያውቃል፤ ዛሬ ግን ዓይኔን ከእሱ መንቀል አቃተኝ።

ስምንት ፍላጀለም፣ ማለትም የሚዋኝባቸው ቀጫጭን ጭራዎች አሉት፣ አራት ጥንድ። ቃሉ በላቲን ጅራፍ ማለት ነው። እኔን የያዘኝ ርዝመታቸው ነው። ጥንድ የሆኑት እርስ በርስ እኩያ ናቸው፤ አንዱ ጥንድ ከሌላው ጥንድ ጋር ግን አይተካከልም። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ህዋስ ነው። ታዲያ ማን ለካላቸው?

ጅራፉ ውስጥ ፕሮቲን አይሠራም። ዕቃው ከህዋሱ ገላ ተጭኖ እስከ ጫፍ ይጓዛል፤ ጅራፉ የሚረዝመውም እዚያው ጫፉ ላይ ነው። ኪኔሲን የሚባለው የፕሮቲን ሞተር ተሸክሞ ይሄዳል፣ ዳይኒን ይዞ ይመለሳል። ይህ ምልልስ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ አልጌ ላይ ነው። ጃርዲያ ደግሞ ሌላ ሠራተኛ አለው፣ ኪኔሲን-13። የእሱ ሥራ ማፍረስ ነው። ተመራማሪዎች ሲያዳክሙት ጅራፎቹ ረዘሙ! ለካ ያለቀ የመሰለኝ ጅራፍ ሥራ ላይ ነው። አንዱ ይገነባል፣ አንዱ ያፈርሳል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ርዝመቱ ባለበት ይቆያል።

ሰው የሚያሳምም ፍጡር ማድነቅ ይከብዳል። ግን የእኛም የመተንፈሻ ቧንቧ ጥቃቅን ፀጉሮች የቆሙት በዚሁ አሠራር ነው፤ ዙሪያውን ዘጠኝ ጥንድ ቱቦ፣ መሃል ላይ ሁለት። ለመድኃኒት ፈላጊዎች ይህ ትልቅ ራስ ምታት ይመስለኛል። የእሱን ስትመታ የራስህን እንዳትነካ።

ትሪፓኖሶማ መንገዱ ሌላ ነው። ከብት ላይ ገንዲ፣ ሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጣው ማለቴ ነው። ለሁለት ሊከፈል ሲል የድሮውን ጅራፍ አያፈርስም፤ አጠገቡ አዲስ ይሠራል። የአሮጌው ርዝመት ተቆልፏል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ማምሻውን ፄፄ ዝንብ አንጀት ውስጥ የሚኖረውን የትሪፓኖሶማ ዓይነት አየሁ። አዲሱ ጅራፍ ገና አጭር ነው። ጫፉ ከአሮጌው ጎን ጋር ተጣብቋል። የእናቱን ቀሚስ ይዞ እንደሚሄድ ሕፃን፣ አሮጌውን ተከትሎ ያድጋል። የማይክሮስኮፑን መብራት ሳላጠፋ ብዙ ቆየሁ።