ከአፋቤት እስከ ግሽ ዓባይ፦ የመቶ አለቃው የኢንሹራንስ ሕይወት

ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ አካባቢ መኪናው የተጋጨበት ወይም ዘመዱ በአደጋ የሞተበት ሰው «መቶ አለቃ ጋ ሂድ» ይባላል። በጽሕፈት ቤታቸው በጸሐፊነት ስላገለገልሁ ስለ እሳቸው መጻፍ ይገባኛል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በንግዳቸው ነው፤ እኔ ግን ንግዱ የቆመው ከጦር ሜዳ ይዘውት በመጡት አንድ እምነት ላይ መሆኑን በቅርብ አይቻለሁ።

መቶ አለቃ በኤርትራ ግንባር ይዋጋ የነበረው የደርግ ጦር ክፍል፣ የናደው ዕዝ፣ መኮንን ነበሩ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት በሻዕቢያ ስትያዝ ወደ ከረን አፈገፈጉ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተንም እንደ ብዙ ጓዶቻቸው ወደ ሱዳን ተሻግረው በመተማ በኩል አገራቸው ገቡ። ይዘውት የመጡት ንብረት የወታደሮቻቸው ስም፣ የትውልድ ቀበሌና የወደቁበት ስፍራ የተመዘገበበት አንድ ደብተር ነበር። ገጾቹ በላብ ርሰው ስለደረቁ ይንኮሻኮሻሉ፤ አንዳንዱ ስም በእርሳስ፣ አንዳንዱ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። መርዶ የሚያረዳ የመንግሥት አካል ስላልነበረ፣ ወደ መራዊ፣ ወደ ዱርቤቴ፣ ወደ ሐሙሲትና ወደ ዘጌ እየሄዱ ለየቤተሰቡ ያረዱት እሳቸው ናቸው። የልጁ ሞት በወረቀት ያልተረጋገጠለት ቤት ተዝካር ለማውጣት እንደሚቸገር፣ ሚስቲቱም ጡረታ መጠየቅም ሆነ ውርስ ማጣራት እንደሚሳናት ያዩት በዚያ ጉዞ ነው። ያለ ማስረጃ ሐዘን እንኳ ዕልባት አያገኝም ይላሉ።

ጥቂት ዓመታት እህል ነገዱ። ኢንሹራንስ በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ በኋላ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 86/1986 ዘርፉን ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ሲከፍት መቶ አለቃ እህላቸውን ይጭኑላቸው ለነበሩ ባለመኪናዎች ፖሊሲ (የመድን ውል) በመሸጥ ወኪልነቱን ጀመሩ፤ ቆይተውም የራሳቸውን ጽሕፈት ቤት ከፈቱ።

አሠራራቸው ከሌሎች ይለይ ነበር። ደንበኛው አረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ ከመክፈሉ በፊት ከፖሊሲው ውስጥ የማይሸፈነውን ክፍል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡለታል፦ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሹፌር፣ ከአቅም በላይ ጭነት፣ ከእውነተኛው ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ። በተለይ በመጨረሻው ላይ ረዘም አድርገው ይቆያሉ። አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና አረቦን ለመቆጠብ በ500,000 ብር ቢመዘገብ፣ ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው የጉዳቱ ግማሽ ብቻ እንደሚሆን በወረቀት ላይ አስልተው ያሳዩታል። ይህን ሰምቶ ወደ ሌላ ወኪል የሄደ ደንበኛ ነበር፤ እሳቸው ግን አሠራራቸውን አልቀየሩም፤ ትክክልም ነበሩ። ውሉ በሽያጭ ቀን ግልጽ ካልሆነ የሚጎዳው ካሳ ጠያቂው ነውና።

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው መሸንቲ መንገድ ላይ ባሏን መኪና ገጭቶ ያመለጠባትን ሴት ነው። ገጪው ስላልታወቀ ካሳ የለም ተብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። መቶ አለቃ ግን ገጪው ባልታወቀ ጊዜ ለእንዲህ ያሉ ተጎጂዎች የተቋቋመው የመድን ፈንድ እንደሚከፍል አስረድተው የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን፣ የሐኪም ማስረጃውንና የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫውን አብረዋት እየዞሩ አሟሉ፤ ለዚህም ከእሷ አንድ ብር አልተቀበሉም። በፖሊስ ሪፖርቱ ላይ የሟች የአያት ስም ተሳስቶ ስለነበር እስኪታረም ድረስ ሦስት ጊዜ አስመልሰውታል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ መድን) አዋጅ ቁጥር 799 ለሞት ካሳ ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ያኔም ቢሆን ልጆች ለሚያሳድግ ቤት እጅግ ትንሽ መሆኑን በየስብሰባው ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ዛሬ ዕድሜያቸው ቢገፋም የካሳ ፋይሎችን ሳያዩ አይውሉም። አሁን የያዙት ጉዳይ የጣና ጀልባዎች ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የተጣለው በመንገድ ላይ በሚሄድ ተሽከርካሪ ላይ ስለሆነ፣ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማት ሰው የሚያመላልስ ባለጀልባ በዚህ አዋጅ አይገደድም። መቶ አለቃ ባለጀልባዎቹ በፈቃዳቸው ለተሳፋሪዎቻቸው የአደጋ ሽፋን በጋራ እንዲገዙ ለማግባባት ረቂቅ አዘጋጅተዋል፤ ከመስቀል በኋላም ሊያነጋግሯቸው ቀጠሮ ይዘዋል።