ጆን ካርማክ፦ የማያስፈልገውን ስሌት መተው

ጌም መሥራት የሚፈልግ ወጣት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛውን ኢንጂን (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ልማር?" ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የዱም ጌም ፕሮግራመር የሆነውን የጆን ካርማክን የሥራ መንገድ ቢያጠና እመርጣለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ካርማክ በ1970 ተወለደ፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሴሚስተር ብቻ ተምሮ ተወው፤ ትንንሽ ጌሞችን እየጻፈ ሲሸጥ ቆይቶ ሉዊዚያና ውስጥ ሶፍትዲስክ የሚባል ድርጅት ገባ። በ1991 ከባልደረቦቹ ጋር ኢድ ሶፍትዌር የተባለውን የጌም ድርጅት መሠረተ። ሥራዎቹን ሁሉ የሚያያይዛቸው አንድ ልማድ ነው፦ ኮምፒውተሩ ከሚሠራው ውስጥ ባይሠራ ማንም የማያውቀውን ፈልጎ ያስቀረዋል።

በ1990 የወጣው ኮማንደር ኪን የተባለው ጌም ጥሩ ማሳያ ነው። ስክሪኑ 320 በ200፣ ማለትም 64,000 ፒክስል ነበር። ተጫዋቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይህን ሁሉ እንደገና መሣል ከጊዜው ፒሲ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ካርታው 16 በ16 ፒክስል በሆኑ ታይሎች ተከፈለ። ከአንድ ታይል ያነሰውን እንቅስቃሴ ግራፊክስ ካርዱ ራሱ ምስሉን በማንሸራተት ይጨርሰዋል። 16 ፒክስል ሲሞላ ፕሮግራሙ አዲሱን ታይል በቦታው ከነበረው ጋር ያነጻጽርና የተለየውን ብቻ ይሥላል። ሰማይ በሰማይ ከተተካ የሚሣል ነገር የለም።

የ1992ቱ ጌም ዎልፈንስታይን 3ዲ ደግሞ ለጀማሪ ከሁሉም የተሻለ መልመጃ ነው ብዬ አምናለሁ። ኢንጂን ሳትነኩ፣ በምታውቁት ቋንቋ፣ በጥቂት መቶ መስመር ኮድ ዘዴውን መሥራት ትችላላችሁ። ካርታው የ0 እና የ1 ሰንጠረዥ ነው፤ 1 ግድግዳ፣ 0 ባዶ ቦታ። ተጫዋቹ የቆመበት ነጥብና የሚያይበት ማዕዘን አለው። ስክሪኑ 320 ዓምድ ካለው፣ ለእያንዳንዱ ዓምድ ከተጫዋቹ የሚነሳ አንድ ምናባዊ ጨረር (ቀጥታ መስመር) ትልካላችሁ። ጨረሩ ግድግዳ ሲነካ ርቀቱን ትወስዱና ዓምዱ ምን ያህል ቁመት እንደሚኖረው ታሰላላችሁ። የእይታው ስፋት 60 ዲግሪ፣ የሰንጠረዡ የአንዱ ሳጥን ጎን 64 ከሆነ፣ 64ን በ277 አባዝቶ ለርቀቱ ማካፈል ነው። 277 የተገኘው የስክሪኑን ግማሽ ስፋት፣ 160ን፣ ለ30 ዲግሪ ታንጀንት በማካፈል ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ቀጥ ያለው ግድግዳ መሃሉ አብጦ፣ ዳር ዳሩ ጎብጦ ይታያል። ወደ ጎን የሄደው ጨረር ከመሃለኛው የበለጠ መንገድ ስለሚጓዝ ነው፤ ርቀቱን በጨረሩና በተጫዋቹ ማዕዘን ልዩነት ኮሳይን ስታባዙት ይስተካከላል። ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት ጨረሩን በትንንሽ እርምጃ ማራመድ ነው። እርምጃው ከረዘመ ጨረሩ የግድግዳ ጥግ ዘሎ ያልፋል፤ ካጠረ ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል። ከሳጥን መስመር ወደ ሳጥን መስመር አስልታችሁ ዝለሉ። ጨረሩ ከመስመሮቹ ጋር ትይዩ ሲሆን ግን ለዜሮ ማካፈል ይመጣልና ያንን አስቀድማችሁ ለዩት። የተጫዋቹንም ፍጥነት ካለፈው ፍሬም (ስክሪኑ ላይ ከተሣለው ምስል) ወዲህ ባለፈው ጊዜ አባዙት፤ አለዚያ በ60 ሄርትዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ) ስክሪን ላይ የተስተካከለው ሩጫ በ144 ሄርትዝ 2.4 እጥፍ ይሆናል።

ዱም ዲሴምበር 10 ቀን 1993 ሲወጣ ግድግዳው በማንኛውም ማዕዘን ይቆም፣ ወለሉም ከፍና ዝቅ ይል ነበር። የትኛው ግድግዳ የትኛውን እንደሚከልል በየፍሬሙ መደርደር ብዙ ጊዜ ይበላል። ካርማክ ከዓመታት በፊት በግራፊክስ ጥናቶች ውስጥ የተጻፈውን ቢኤስፒ የተባለ ዘዴ አመጣ፦ ካርታው ገና ሲዘጋጅ በመስመር ለሁለት፣ እያንዳንዱም ግማሽ እንደገና ለሁለት እየተከፈለ የዛፍ መዋቅር ይሆናል። ጨዋታው ሲሄድ "ተጫዋቹ ከዚህ መስመር በየትኛው ወገን ነው?" እያሉ መውረድ ብቻ ይበቃል፤ ግድግዳዎቹ ከቅርብ ወደ ሩቅ ተሰልፈው ይወጣሉ። ዋጋም አስከፍሏል። ዛፉ ቀድሞ ስለተሠራ ግድግዳ ወደ ጎን መንቀሳቀስ አይችልም፤ የዱም በሮች ወደ ላይ የሚከፈቱት ለዚህ ነው።

የዘመኑ ብዙ ፕሮሰሰሮች አስርዮሽ የሚያሰላ ክፍል ስላልነበራቸው ቁጥሮቹ በ32 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ተያዙ፤ 16 ቢት ለሙሉው፣ 16 ቢት ለክፍልፋዩ። ስለዚህ 1 የሚያዘው 65,536 ሆኖ ነው። ሁለት ቁጥር ሲባዛ ውጤቱን በ64 ቢት ይዞ ወደ ቀኝ በ16 መግፋት ያስፈልጋል፤ በ32 ቢት ከተያዘ ሞልቶ ይፈስና የማይሆን ቁጥር ይወጣል። ኢንቲጀር ብዙ ሰው በኔትወርክ ሲጫወትም ጠቅሟል። ማሽኖቹ የሚላላኩት የጭራቆቹን ቦታ ሳይሆን የተጫዋቾቹን ትእዛዝ ብቻ ስለሆነ፣ ከአንድ ዓይነት ትእዛዝ ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት ማግኘት አለባቸው። የዘፈቀደ ቁጥር እንኳ 256 ቁጥር ካለው ሰንጠረዥ በተራ ይነበባል።

ካርማክ የዕለት ሥራውን በ1990ዎቹ ፕላን በሚባል ፋይል ለማንም እንዲነበብ ያወጣ ነበር። በዕለቱ ያለቀው ኮከብ፣ በሌላ ቀን ያለቀው የመደመር ምልክት፣ ላለመሥራት የተወሰነው የመቀነስ ምልክት ያገኛል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር መቀነሱ ነው። የተተወ ሐሳብ ካልተመዘገበ ከወራት በኋላ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከሥራ ውጪ ጁዶና ጁጂትሱ ይሠራል። ትልቁ ትርፍ ጊዜ ሥራው ግን ሮኬት ነበር። በ2000 ቴክሳስ ውስጥ አርማዲሎ ኤሮስፔስን መሠረተ፤ በ2008 ቡድኑ ናሳ ሽልማት ባቀረበበት የጨረቃ ማረፊያ ውድድር የመጀመሪያውን ደረጃ አሸንፎ 350,000 ዶላር ወሰደ። ሮኬቱ 50 ሜትር ወጥቶ፣ ቢያንስ 90 ሰከንድ አየር ላይ ቆይቶ፣ 100 ሜትር ርቆ አርፎ፣ ነዳጅ ሞልቶ መመለስ ነበረበት። ሴንሰር ማንበብ፣ ማስላት፣ ቫልቩን በሰዓቱ ማዘዝ፤ ይህ ያው የጌም ሉፕ (በየፍሬሙ የሚደጋገመው ዙር) ነው፤ ነገር ግን ዘግይቶ የደረሰ ስሌት ሮኬት ይጥላል።

የዱም ሶርስ ኮድ በ1997 መጨረሻ ለሕዝብ ተለቋል። እንዳለ ወስዳችሁ በ64 ቢት ማሽን ላይ ብታስኬዱት ይወድቃል፤ የሜሞሪ አድራሻ 4 ባይት ነው ብሎ የሚያስብ ኮድ አለበት። ለማስኬድ ቾኮሌት ዱምን (ለዛሬ ማሽኖች የተስተካከለውን የዱም ቅጂ) ተጠቀሙ፣ ዋናውን ለንባብ ያዙት። ፋይሎቹ በስማቸው መጀመሪያ ፊደል ይለያሉ፦ በኤም የሚጀምሩት መገልገያዎች፣ በፒ የሚጀምሩት የጨዋታው ሕግ፣ በአር የሚጀምሩት ሥዕሉ ናቸው። ከኤም ጀምሩ፤ የዘፈቀደ ቁጥሩ ሰንጠረዥና የማባዣው ኮድ እዚያ ናቸው፣ ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ከዚያ የተጫዋቹን እንቅስቃሴ በፒ ፈልጉ። ቢኤስፒው ያለበትን አር ግን የራሳችሁን የጨረር ፕሮግራም ሳትጨርሱ አትክፈቱት።