እጄ ሲቆም ማሽኑም እንዲቆም

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ እንጨት ቤት አለን። የአልጋ ራስጌና የቁም ሳጥን በር በሲኤንሲ ራውተር፣ በኮምፒውተር በሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን፣ እንቀርጻለን። የማሽኑ ጠረጴዛ 1.3 በ2.5 ሜትር ነው። ኮምፒውተሩ ያለው ግን ጥግ ላይ፣ ከመስታወት ጀርባ ነው። የአዳማ ነፋስ ብቻውንም አቧራ አያጣም፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ሲጨመርበት ኮምፒውተር አይተርፍም።

የሚያስቸግረን የዜድን፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን ዘንግ፣ ዜሮ ማስያዝ ነበር። በመቁረጫው ፑንታና በእንጨቱ መካከል ወረቀት እናስገባለን። እኔ ኪቦርዱ ጋ፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጠረጴዛው ጋ። እሱ ጎንበስ ብሎ እያየ «ጋሼ፣ ትንሽ… ትንሽ… በቃ!» ይለኛል። የአቧራ መሳቢያው ይጮኻል። «በቃ» የምትለዋ ቃል እኔ ጋ እስክትደርስ ፑንታው ዋንዛው ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው ፑንታ የተሰበረ ቀን የእጅ መቆጣጠሪያ ልግጠም አልኩ። ገመድ ቢኖራትም እኛ ሪሞት ነው የምንላት።

ከመርካቶ አገኘኋት። በአንድ ዙር 100 ጊዜ ጠቅ የምትል መዘውር አላት። ዘንግ መምረጫ፣ የ1፣ የ10 እና የ100 ማባዣ፣ ቀይ የአደጋ ማቆሚያ፣ ጎኗ ላይ ደግሞ ተጭነው የሚይዙት ቁልፍ አለ።

አብሯት የመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈው የሽቦ ቀለም ከኬብሉ ጋር አልገጠመም። ስለዚህ ወረቀቱን ተውኩትና ጀርባዋን በካቻቢቴ ፈታሁ። ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርጌ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተልኩ። ቢጫው የት ሄደ፣ ቢጫና ጥቁሩስ? ሁሉንም ካርቶን ላይ ጻፍኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ግን ደግሜ ብሠራም ከዚሁ ነው የምጀምረው። 5 ቮልቱን ተሳስቶ ሌላ ሽቦ ላይ የሰጠ ሰው የኮምፒውተሩን ካርድ ሊያቃጥል ይችላል። ካርቶኑ አሁንም የኤሌክትሪክ ሳጥኑ በር ላይ ተለጥፏል።

ማሽኑን የምናንቀሳቅሰው ሊኑክስ ሲኤንሲ በሚባል ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው ፓራለል ፖርት፣ የኮምፒውተሩ ባለብዙ ፒን ሶኬት፣ በሞተሮቹና በሊሚት ስዊቾቹ ተይዟል። ሁለተኛ ካርድ ጨመርኩና ግብዓት ብቻ እንዲሆን አዘዝኩት። ያኔ ከ2 እስከ 9 ያሉት ፒኖች ይቀበላሉ። ስምንት ፒን፣ ስምንት ሽቦ፦ የመዘውሩን መዞር የሚናገሩት ኤ እና ቢ፣ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ፣ ባለ10፣ ባለ100 እና የጎን ቁልፉ። ባለ1 የራሱ ሽቦ አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ካልተመረጡ እሱ ነው ማለት ነው።

ቀዩ ማቆሚያ ግን ኮምፒውተሩ ጋ እንዲሄድ አልፈቀድኩም። ሳይጫን ዝግ፣ ሲጫን የሚከፈት ኮንታክት ነው። ማሽኑ ላይ ካለው ማቆሚያ ጋር በተከታታይ አሰርኩት። ከዚያ ማሽኑ እየተንቀሳቀሰ የሪሞቷን ሶኬት ነቀልኩ። ቀጥ አለ። ገመዱ ቢበጠስም ማሽኑ መቆም አለበት።

ሥራው አለቀ ስል ገና ነበር። ባለ1 ላይ አንድ ጠቅታ 0.01 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ነበር የፈለግኩት። ጥቃቅን ርቀት የምንለካበት ዳያል ጌጅ 0.04 አሳየኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ጠቅታ ውስጥ ኤ እና ቢ አራት ጊዜ ይለዋወጣሉ፣ ኢንኮደሩም፣ የሚቆጥረው የፕሮግራሙ ክፍል፣ አራቱንም ይቆጥራል። ለአንድ ቆጠራ የሰጠሁትን ርቀት ለአራት አካፍዬ 0.0025 አደረግኩት። ሌላም ነገር አለ። ሪሞቷ ማሽኑ ሆም ከመደረጉ፣ መነሻ ቦታውን ከመያዙ፣ በፊት ትሠራለች፣ ከዚያ በኋላ ዝም። ለካ ከሆም በፊት የሚሠራውን ጆይንትና ከሆም በኋላ የሚሠራውን አክሲስ ለየብቻ ማገናኘት ነበረብኝ።

ያስደነገጠኝ ባለ100 ነው። እዚያ ላይ አንድ ጠቅታ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ደግነቱ ፑንታ አልገጠምኩም ነበር። መዘውሩን በአንድ ሰከንድ አንድ ዙር አዞርኩና እጄን አነሳሁ። ዜድ መውረዱን ቀጠለ። 100 ሚሊ ሜትር አዝዣለሁ፤ የዜድ ከፍተኛ ፍጥነታችን ግን በደቂቃ 1500 ነው፣ በሰከንድ 25። ስለዚህ እጄ ካቆመ በኋላ ሦስት ሰከንድ ሄደ። ልጁ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ያይ ነበር። እጁ ፑንታው ሥር ቢሆንስ ብዬ ሳስብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ፕሮግራሙ አልተበላሸም። አሠራሩን ካልቀየሩት የሚሄደው በታዘዘው ርቀት ልክ ነው፤ የታዘዘውን ጠቅታ ሁሉ ሳይጨርስ አይቆምም። ሌላው አሠራር በመዘውሩ ፍጥነት ልክ ነው፤ መዘውሩ ሲቆም እሱም ይቆማል፣ የቀረው ርቀት ይተዋል። ሁሉንም ወደ ፍጥነት ልቀይር አልኩና ተውኩት። ባለ1 ላይ ጠቅታዎቹን ቆጥሬ 0.05 መውረድ እፈልጋለሁ፣ እዚያ አንድም ጠቅታ መጥፋት የለበትም። መፍትሔው እዚያው ነበር። የባለ100 ሽቦ ራሱ አሠራሩን እንዲቀይር አደረግኩ። ባለ100 ሲመረጥ በፍጥነት ልክ፣ ባለ1 እና ባለ10 ላይ በርቀት ልክ። ከሠራኋቸው ሁሉ በጣም ደስ ያለኝ ይቺ አንዲት መስመር ናት።

ቀጥሎ ስፒንድሉን፣ ፑንታውን የሚያዞረውን ሞተር፣ አስነሳሁ። ሪሞቷ መስቀያዋ ላይ ናት፣ ማንም አልነካትም። ስክሪኑ ላይ የኤክስ ቁጥር 0.01 ጨመረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ 0.01። የስፒንድሉን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። ለንጽሕና ብዬ የሪሞቷን ገመድ ከስፒንድሉ ኬብል ጋር አንድ ላይ አስሬው ነበር። ለየሁት። ሺልዱን፣ የገመዱን ረብሻ መከላከያ ልባስ፣ ሳጥኑ በኩል ባለው ጫፍ ብቻ ግራውንድ አደረግኩት። ኤ እና ቢን ደግሞ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ 5 ቮልት ሳብኳቸው። ቁጥሩ ረጋ። የጎን ቁልፉ ካልተያዘ መዘውሩ እንዳይሠራ ያደረግኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አስቀድሜ ባደርገው ኖሮ ረብሻውን ይደብቀው ነበር እንጂ አያጠፋውም። መዘውሯ ከጀርባ አራት ተርሚናል ብቻ ነው ያላት። ስድስት ያለው አለ፤ የኤ እና የቢን ተቃራኒም ይልካል። ኬብሉ ረጅም ከሆነ እሱን ግዙ፣ ግን የሚቀበለው ሰርኪት አብሮ ያስፈልገዋል።

አሁን ዜሮውን የሚያስይዘው ልጁ ራሱ ነው። ሪሞቷን በግራ እጁ ይይዛል፣ በቀኙ ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ ይስባል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ትናንት እኔ ከበሩ ላይ ማጠፊያ እየፈታሁ ነበር። ቀና ሳይል «ያዘ» አለ፣ ለራሱ ያህል ቀስ ብሎ።