በሩ ላይ የታየው ካርድ

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ገና ከቀኑ በአሥር ሰዓት የሚጨልመው የለንደን ኅዳር ይሆናል። እንዲህ ስሆን ሽሮ እሠራለሁ። ሽሮው መንተክተክ እንደጀመረ በሩ ተንኳኳ፤ ጭልፋውን እንደያዝኩ ከፈትኩ።

ሁለት ፖሊሶች ናቸው። የታችኛው ጎረቤታችን ቤት ተሰብሮ ኖሯል፤ ያየሁት ወይም የሰማሁት ነገር እንዳለ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት። ሴቷ የፖሊስ መታወቂያ ካርዷን አውጥታ ዘረጋችልኝ፣ ስለረበሹኝም ይቅርታ ጠየቀች። እኔ ካርዱን አላነበብኩም። የማየው የጭልፋው ጫፍ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ምንም አላየሁም አልኳቸው፤ አመስግነው ሄዱ።

ጥፋት የለብኝም። ግን በልጅነቴ ፖሊስ ደጃፍ ላይ ቆመ ማለት ከቤቱ አንድ ሰው ሊወሰድ ነው ማለት ነበር። እዚህ ስንት ዓመት ኖሬም ደንብ ልብስ ሳይ ልቤ ቀድሞኝ ይሮጣል።

ለዜግነት ፈተና ሳጠና ግን የዚህን አገር የፖሊስ ነገር ከልቤ ወድጄው ነበር። ከላይ ሁሉን የሚያዝ አንድ ብሔራዊ ፖሊስ የለም፤ እንግሊዝና ዌልስ ብቻ 43 የአካባቢ ፖሊስ ተቋማት አሏቸው። ስኮትላንድ ስምንት የነበሩትን ተቋማቷን በ2013 አንድ አድርጋለች፤ ሰሜን አየርላንድም የራሷ አላት። ሚኒስትር ተነሥቶ ፖሊስን «እከሌን እሰር» ሊለው አይችልም። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ያነበብኳት ትዝ ይለኛል። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል በ1829 የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ሕዝቡ ጦር ሠራዊት ሊሰፍርብን ነው ብሎ ሰግቶ ስለነበር፣ ፖሊሶቹ ከወታደሩ ቀይ ልብስ እንዲለዩ ሰማያዊ ለበሱ። ከሰሜን አየርላንድ በቀር ዛሬም አብዛኞቹ ሽጉጥ አይታጠቁም። ኃይላቸው ከሕዝቡ ይሁንታ ነው ይባላል።

ይሁንታ። ከሄዱ በኋላ ይህ ቃል አልለቀቀኝም። ማን ነው ይሁን ያለው? ከ2012 ጀምሮ በብዙ አካባቢዎች ፖሊስን የሚቆጣጠረውን ኮሚሽነር ነዋሪው ይመርጣል፤ በመጀመሪያው ምርጫ ግን ድምፅ የሰጠው ከመቶ 15 ሰው ያህል ነው። በለንደን ደግሞ ኃላፊነቱ የከንቲባው ነው። የእኔም ድምፅ በዚያው ውስጥ አለ። ግን ይሁንታ ማለት ድምፅ መስጠት ብቻ ይመስላችኋል? እኔ በር ሲንኳኳ ያለ ፍርሃት መክፈትም ነው እላለሁ።

ስቲቨን ሎረንስ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። በሚያዝያ 1993 በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ኤልተም ውስጥ አውቶቡስ ሲጠብቅ ጥቁር በመሆኑ ተወግቶ ተገደለ። ከገዳዮቹ ሁለቱ የተፈረደባቸው በ2012 ነው። በ1999 የወጣው የምርመራ ዘገባ ዘረኝነት በለንደን ፖሊስ ተቋም ውስጥ ሰፍሯል አለ። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ይህንኑ ፖሊስ የመረመረችው የሉዊዝ ኬሲ ዘገባ ያንኑ ደገመው፤ ሴት ጠልነትንም ጨመረበት። በመካከሉ ስንት እናት ልጇን ደጅ ደጁን እያየች ጠበቀች!

ልጄ ትንሽ ሳለች «ከጠፋሽ ፖሊስ ፈልጊ» እያልኩ አሳድጌያታለሁ። የምላት ከልቤ ነበር፤ የእኔ ፍርሃት እንዳይጋባባት ፈልጌ ነው። በመጋቢት 2021 ግን በደቡብ ለንደን ወደ ቤቷ በእግሯ የምትሄድ ወጣት ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ የለንደን ፖሊስ ተገደለች። ካርዱን አሳይቶ፣ በካቴና አስሮ ነው የወሰዳት። ልጄ ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት መጥታ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችኝም። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የለንደን ፖሊስ፣ ብቻውን የሆነ ሲቪል ለባሽ አንዲት ሴት ሲያስቆም ከአለቃው ጋር በቪዲዮ ስልክ እንዲያገናኛት ወሰነ። ጥሩ ነው። የዛሬዋ ፖሊስም ጥሩ ልጅ ትመስላለች፤ ዓይኗ ደክሞታል፣ ጫማዋ በዝናብ ርሷል። ያን ሁሉ ደረጃ የወጣችው ለጎረቤቴ ብላ ነው።

አሁን ልጄ ከሥራ እየተመለሰች ነው፤ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው ብላ ጽፋልኛለች። ፖሊስ ቢያስቆምሽ ካርዱን ጠይቂ፣ በደንብ አንብቢ ልላት አስባለሁ። ግን ያኔም ካርዱ እውነተኛ ነበር። ታዲያ ምኑን አይታ ትመን?