ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ፦ በክረምት የፒካፕ ጭነትን ደረቅ ማድረስ

የተነሣነው በሐምሌ ነው፤ ከአዲስ አበባ በወሊሶና በጅማ አድርገን ወደ ቦንጋ። መኪናው ደብል ጋቢና ሂሉክስ ሲሆን ካሶኒው (የኋላ ጭነት ማስቀመጫው) ላይ የፋይበር ግላስ ካኖፒ፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን፣ ተገጥሞለታል። ጭነቱ በካርቶን የታሸገ ደብተርና መጽሐፍ፣ በላዩም ፍራሽ ነው። ወረቀትም ፍራሽም አንዴ ውኃ ከጠጡ አለቀላቸው። በዚህ ምክንያት ማስታወሻው ስለ መንገዱ ውበት ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ውኃው በየት እንደሚገባ ነው።

ካኖፒ ሲያፈስ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ግን አንድ ወጥ ፋይበር ነው፤ ካልተሰነጠቀ ወይም ካልተበሳ አያስገባም። ውኃው የሚገባው መጋጠሚያዎቹ ላይ ነው፣ ከመጋጠሚያዎቹም የባሰው የኋላ ስፖንዳው (የካሶኒው መዝጊያ በር) ዙሪያ ነው። ካሶኒ ከፋብሪካ ሲወጣ ክፍት ሆኖ እንዲሠራ የታሰበ ስለሆነ ስፖንዳው ሲዘጋ ከሥሩና ከጎንና ጎኑ እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። ያ ክፍተት ለክፍት ካሶኒ የውኃ መውጫ ነው። ካኖፒ ሲጫንበት መግቢያ ይሆናል።

ከመንቀሳቀሳችን በፊት መኪናውን በውኃ ፈተንነው። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ካሶኒው ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ከውጭ ቱቦ ይይዛል። ቱቦው ግፊት አይፈልግም፤ እንደ ዝናብ ይፍሰስ። ዋናው ነገር ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው፦ መጀመሪያ የስፖንዳው ሥር፣ ከዚያ ጎኖቹ፣ ከዚያ ካኖፒው ካሶኒው ላይ የተቀመጠበት ዙሪያ፣ ከዚያ መስኮቶቹ፣ መጨረሻ ጣሪያው፤ በየቦታው ሁለት ሦስት ደቂቃ። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ሁሉንም እያጠበ ስለሚወርድ ያፈሰሰው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ውስጥ ያለው ሰው በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ጋዜጣ ቢያነጥፍ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ጠቁሮ ይታያል። ነገር ግን ጠብታው የወደቀበትና ውኃው የገባበት ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ጣሪያው ላይ ያለው የፍሬን መብራት ጎማ ሲደርቅ የሚገባው ውኃ የመብራቱን ሽቦ ተከትሎ ጥግ ድረስ ይሄድና እዚያ ይንጠባጠባል። ሽቦው ከመግቢያው ቀዳዳ ውጭ ወደ ታች ታጥፎ እንደገና ወደ ላይ እንዲወጣ ከተደረገ ውኃው እጥፋቱ ላይ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

ለስፖንዳው የሚሆነው ፈተና የወረቀት ነው። አራት ጣት ስፋት ያለው ወረቀት መጋጠሚያው ላይ ይደረግና ስፖንዳው ይዘጋል፤ ከዚያ ወረቀቱ ይሳባል። ያዝ እያደረገ ከመጣ ጎማው ተጭኗል፤ ሸርተት ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ክፍተት አለ። እየተንቀሳቀሱ ዙሪያውን በሙሉ መፈተን ያስፈልጋል፤ መሐሉ ደህና ሆኖ ማጠፊያዎቹ ያሉባቸው ጥጎች ባዶ መሆናቸው የተለመደ ነው።

እዚህ የሚገባው ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ሲጫኑት የሚተጣጠፍ የበር ጎማ ነው። ጠጣሩን ጎማ አንፈልገውም፤ ስፖንዳውን አላስዘጋ ይላል፣ በጉልበት ከተዘጋም መቆለፊያውን ያበላሻል። የጎማው ውፍረት ከክፍተቱ በሦስትና በአራት ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል። የሚለጠፍበት ቆርቆሮ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በመጨረሻ በአልኮል ይወለወላል። ሲለጠፍ ጎማውን መሳብ ክልክል ነው። የተሳበ ጎማ በሳምንት ውስጥ ወደ ልኩ ይመለስና ጥጉ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ይተዋል። እኛ የታችኛውና የጎኑ በሚገናኙበት ጥግ አንድ ሴንቲ ሜትር ትርፍ እየተውን ነው የምንቆርጠው፤ ሁለቱ ጫፎች ሲጫኑ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ከተለጠፈ በኋላ 24 ሰዓት ውኃ ባይነካው ጥሩ ነው።

ከመንገድ ዳር ጋራዥ ሁሉ የሚቀርበው መፍትሔ ግን አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ሲሊኮን ልቀባልህ?» ሲሊኮን መጥፎ አይደለም፤ የሚቀባበት ቦታ ነው የሚበላሸው። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ቀለሙ የተላጠ ላሜራ ላይ ሲቀባ ዝገት ያስነሣል፤ የማይሸተውን መግዛት ይሻላል። ሌላም ችግር አለው፤ ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ በኋላ ቀለምም ሌላ ማሸጊያም አይዝም። ለሚንቀጠቀጥ መጋጠሚያ ፖሊዩረቴን ማሸጊያ፣ ካኖፒው ለሚያርፍበት ጠርዝ ደግሞ የማይደርቀው ጥቁር የቡቲል ቴፕ ወይም ስፖንጅ ጎማ ይመረጣል። ስፖንጅ ጎማውም ሁለት ዓይነት ነው። ቁራጩን ውኃ ውስጥ ነክሮ መጭመቅና መልቀቅ፤ ሲወጣ ከብዶ ውኃ ከተንጠባጠበበት ለፍራሽ ይሁን እንጂ ለካኖፒ አይሆንም። የሚፈለገው ውኃ ውስጥ ተጨምቆ እንኳ ቀሎ የሚወጣው ነው።

ስንነሣ ዝናቡ ገና ሰበታ ሳንደርስ ያዘን። እስከ ወሊሶ ያለው ከ110 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ አስፋልት ስለሆነ ፍጥነት አለ፤ ችግሩም ከፍጥነቱ ይመጣል። መኪናው አየሩን እየሰነጠቀ ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል፤ ካኖፒው ውስጥ ያለውም አየር ወደ ውጭ ይሳባል፤ በምትኩ በስፖንዳው ክፍተት የኋላ ጎማዎቹ የሚረጩት ጭጋግ ይገባል። ቆሞ በቱቦ ሲፈተን ጠብታ ያላስገባ ካሶኒ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ሥሩ የሚረጥበው በዚህ ምክንያት ነው። በበጋ ያው ክፍተት አቧራ ያስገባል። አቧራው እንዲያውም ደግ መካሪ ነው፦ ከበጋ ጉዞ በኋላ ስፖንዳው ሲከፈት ከጥግ ተነሥቶ እንደ ማራገቢያ የተበተነ ቀይ ዱካ ካለ፣ በክረምት ውኃው የሚመጣው በዚያው በኩል ነው።

መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛው የጎማ መሸፈኛ ላስቲኩ ነው፤ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ ያለው ከተቀደደ ይቀየር። ሁለተኛው ካኖፒው ላይ ከፊት በኩል አየር የሚያስገባ ቀዳዳ መኖሩ ነው። ወደ ፊት የሚያይ፣ ውኃ የሚለይ ክዳን ያለው መተንፈሻ ከተገጠመ ውስጡ ያለው አየር በመጠኑ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጭጋጉም መግቢያ ያጣል። የጎን መስኮቶችን ወደ ኋላ ጫፋቸው ከፍቶ መሄድ ግን ተቃራኒውን ይሠራል፤ ይስባል። የኋላውን መስታወት ከፍቶ መንዳት ደግሞ ከውኃም የከፋ ነው፤ የጭስ ማውጫው ጋዝ ይገባል፣ ጋቢናና ካሶኒው በመስኮት ከተገናኙ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሰው ጋ ይደርሳል።

ወሊሶ ቆመን ስፖንዳውን ስንከፍት ወለሉ ላይ ጥግ ጥግ ላይ እርጥበት ነበር። ይህ አያስደነግጥም። አንድም ጠብታ የማያስገባ ካሶኒ እንሠራለን ብሎ መነሣት ገንዘብ መጨረስ ነው፤ የገባችው ትንሽ ውኃ ጭነቱን ሳትነካ እንድትወጣ ማድረግ ይቀላል። ካርቶኖቹን ያስቀመጥነው አራት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የጣውላ ርብራብ ላይ ነው፤ ጣውላዎቹ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ናቸው፣ በወለሉ ቦይ አቅጣጫ። አግድም ከተመቱ ውኃውን ይገድቡታል። ከጎንና ጎን ሁለት ጣት ቦታ ትተናል፤ ግድግዳ የነካ ካርቶን ውኃ ይስባል። የወለሉ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች መደፈን የለባቸውም፤ ከሥር ጎማው እንዳይረጭባቸው አጭር የላስቲክ ቱቦ ተሰክቶ አፉ ወደ ኋላ ይዞር። ሲቆምም የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ቢሆን ውኃው ወደ ስፖንዳው ይወርዳል።

ካሶኒው ውስጥ የሚገባው የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ያለን አስተያየት ጥሩ አይደለም። ከሥሩ ውኃና አሸዋ ይይዛል፣ በንዝረት ቀለሙን ይፍቃል፣ ከዚያ ዝገቱ ሳይታይ ይበላል። ጠርዙን አልፎ ወደ ላይ የሚታጠፈው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ካኖፒው በቆርቆሮው ላይ ሳይሆን በሚወዛወዝ ፕላስቲክ ላይ ያርፋል፤ የትኛውም ስፖንጅ ጎማ ያንን አያሽገውም።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ወንዙ ጋ ሲደረስ ደጋው ላይ የለበሱት ሹራብ ይወልቃል፤ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ነው። ከዚያ እንደገና ወደ ሰኮሩ ሽቅብ። አመሻሹ ላይ ጅማ፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የካኖፒው ጣሪያ ከውስጥ ላብ ያወጣል፣ ጠዋት ሲከፈት ፍራሹ ላይ ጠብታ ይገኛል፤ ሰውም «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ማሸጊያ ሊገዛ ይሄዳል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። እርጥበት የጠገበ የ30 ዲግሪ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 30 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል፤ 15 ዲግሪ ሲደርስ መያዝ የሚችለው 13 ግራም ያህል ነው። ካኖፒና ካሶኒው አንድ ላይ ሁለት ሜትር ኩብ አየር ቢይዙ ከአየሩ ብቻ የሚወጣው 34 ግራም ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ጣሪያው ከዚያ በላይ ካላበ ውኃውን የሚሰጠው ውስጥ ያለ እርጥብ ነገር ነው፦ የራሰ ሸራ፣ ጭቃ የያዘ ስኮርታ (ትርፍ) ጎማ፣ ከጣሪያው ሥር የተለጠፈው ምንጣፍ፣ ወይም ራሱ የጣውላው ርብራብ።

ስለዚህ እርጥብ ዕቃ ካሶኒው ውስጥ አይገባም፤ ሸራና ቦቲ ከጣሪያው በላይ ባለው ዕቃ መጫኛ፣ በፖርቶ መጋላው ላይ ይታሰሩ። የፖርቶ መጋላው ቡሎኖችም መታየት አለባቸው። እያንዳንዱ ቡሎን ጣሪያውን የበሳ ነው፤ ከላይ የጎማ ሮንዴላ፣ ከሥሩ ማሸጊያ፣ ከውስጥ በኩል ሰፊ የብረት ሮንዴላ ይፈልጋል። ትንሽ ሮንዴላ ተደርጎ ዳዶው ከጠበቀ ፋይበሩ ዙሪያውን እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ማታ ስንቆም የጎን መስኮቶቹን በሁለቱም በኩል አንድ ጣት ያህል ከፈት አድርገን አሳደርን፤ አየሩ ሲዘዋወር ላቡ ይቀንሳል። ተንሸራታች መስኮት ሐዲዱ ላይ ከታች ትንንሽ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉት፤ በጭቃ ሲደፈኑ ሐዲዱ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈሳል። በቀጭን ሽቦ መጥረግ ነው። መስኮቱን ዙሪያውን በሲሊኮን የደፈነ ሰው እነዚህንም አብሮ ስለሚደፍን ችግሩን ያባብሰዋል፤ ላይና ጎኑ ይታሸግ፣ ታቹ ይተንፍስ።

ከጅማ ወደ ቦንጋ ጎጀብን ተሻግሮ ካፋ ውስጥ ሲገባ ጫካው ጥቅጥቅ ይላል፣ ዝናቡም ሰዓት አይመርጥም። ከቦንጋ ወደ ገጠሩ የሚወስደው ጭቃና ድንጋይ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፦ መጠማዘዝ። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ካሶኒው በአንድ ወገን፣ ጋቢናው በሌላ ይዘማል። ሁለቱ ተለያይተው ነው ሻሲው ላይ የተቀመጡት፤ ስለዚህ ካኖፒው ከጋቢናው ጀርባ ጋር በማሸጊያ ከተጣበቀ ወይ ማሸጊያው ይቀደዳል፣ ወይ ፋይበሩ ይሰነጠቃል። ካኖፒውን ከካሶኒው ጠርዝ ጋር የሚይዙት ክላምፖችም በዚህ መንገድ ይላላሉ። ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ጭቃ መንገድ ካለ ደግሞ በየማታው፣ በተለዋጭ እየዞሩ ማጥበቅ ያስፈልጋል፦ የፊት ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ፣ የኋላ ግራ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው ከተሄደ ካኖፒው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ስፖንጅ ጎማው ግማሽ ውፍረቱን ያህል ሲጨመቅ በቂ ነው፤ ጭራሽ ከተዳጠ ተመልሶ አይነሣም።

ደብተሩ ደርቆ ደረሰ። ስንመለስ የጫንነው ደረቅ ቡና ነው፤ ለቡና አያያዙ ይለያል። ለካርቶን የተጠቀምንበት የላስቲክ መጠቅለያ እዚህ ጠላት ነው። በደንብ የደረቀ ቡና እንኳ 11 እና 12 በመቶ እርጥበት ይይዛል፤ ላስቲክ ውስጥ ተጠቅልሎ ከቀዝቃዛው ወደ ግቤ ሙቀት ሲወርድ የሚያወጣው እርጥበት መሄጃ አጥቶ ሌሊት ላስቲኩ ላይ ይጤዛል፣ ተመልሶም ፍሬው ላይ ይወርዳል፤ ሻጋታና ሽታ ከዚያ ነው። ቡና በጆንያ፣ ርብራብ ላይ፣ ከጣሪያው ቢያንስ አንድ ስንዝር ወርዶ ይጫን። ከላዩ ጠብታ የሚቀበል ደረቅ ጆንያ ማልበስ በቂ ነው። ናፍጣ የያዘ ጄሪካን በዚያው ካሶኒ መጫን የለበትም፤ ቡና ሽታ ይጠጣል።

አዲስ አበባ ሲደረስ መኪናው በጭቃ ስለተለወሰ በቀጥታ ላቫጆ ይገባል፤ አዲስ የበር ጎማ የሚሞተውም እዚያ ነው። የላቫጆ ፓምፕ ግፊት ዝናብ የማያደርገውን ያደርጋል፦ ከቅርብ ሆኖ ስፖንዳው ጠርዝ ላይ ከተነጣጠረ የጎማውን ማጣበቂያ ይገነጥላል፣ ውኃውንም ወደ ውስጥ ይነዳል። አጣቢው ልጅ ከአንድ ሜትር በላይ እንዲርቅ፣ መጋጠሚያው ላይ ቀጥ አድርጎ እንዳይረጭ ቀድሞ ይነገረው፤ የበር ጎማዎቹ በእርጥብ ጨርቅ ቢወለወሉ ይበቃቸዋል። ከታጠበ በኋላ ርብራቡ ወጥቶ ይቁም፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ ያለው ሰው ያንሣውና ሥሩን ይጠብ፣ ስፖንዳውና መስኮቶቹ ተከፍተው ወለሉ እስኪደርቅ ይቆይ። የበር ጎማው ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ወይም ስንጥቅ ከታየ የሚቀየርበት ጊዜ ሰኔ ሳይገባ ነው፤ በዝናብ መሐል ማጣበቂያው የሚይዝበት ደረቅ ቆርቆሮ አይገኝም።